ሞርፊኑ ይቀጥል፣ የንስሐ አባትም ዛሬ ይጠሩ

ጥያቄ፦ «አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። የጉበት ካንሰር አለባቸው፤ ተሰራጭቷል፣ ሆዳቸውም ውሃ ቋጥሯል። ስኳርም አለባቸው። ሐኪሞቹ ‹ከእንግዲህ የምናደርገው ሕመሙን ማስታገስ ነው› ብለው ፈሳሽ ሞርፊን ጀመሩላቸው። ታላቅ ወንድሜ ‹ሞርፊን ያደነዝዛቸዋል፣ ሳይቆርቡ ይሞቱብናል፤ አስቁመን ጸበል እንውሰዳቸው› ይላል። እናቴ ደግሞ ነገሩ እንዳይነገራቸው ሁላችንንም አስምላናለች። ከሕክምናውና ከጸሎቱ የቱን እናስቀድም? ካህንስ ሆስፒታል ይገባል ወይ?»

ምላሽ፦

አባትዎን እግዚአብሔር ይማራቸው። መልሱን ከፊት አስቀምጬ ምክንያቱን ላስከትል። ሞርፊኑ አይቋረጥ። የንስሐ አባታቸው ዛሬ፣ ካልሆነም ነገ ይምጡ። ጸበሉ ወደ አልጋቸው ይምጣ እንጂ እሳቸው ወደ ጸበሉ አይጓዙ። የእናትዎ መሐላ ደግሞ እሳቸውን በማያስከፋ መንገድ መፈታት አለበት፤ እሱ ካልተፈታ የቀሩት ሦስቱ ጎዶሎ ይሆናሉ።

ወንድምዎ የፈሩት ነገር እውነት ነው፤ ምክንያቱን ግን ሞርፊኑ ላይ ጥለውታል። የጉበት ካንሰር እዚህ ደረጃ ሲደርስ ጉበት ማጣራት ያቃተው መርዝ ወደ አንጎል ይወጣል። ሕመምተኛው መጀመሪያ ቀን ተኝቶ ሌሊት ይነቃል፣ ቀጥሎ ሰው ይስታል፣ ከዚያ ንግግሩ ይጠፋል። መዋጥም አብሮ ይደክማል። ንስሐ የጠራ አእምሮ ይፈልጋል፤ ቁርባን መዋጥ ይፈልጋል፤ ኑዛዜ አእምሮም አንደበትም ይፈልጋል። ሦስቱም የሚቻሉባቸው ቀናት የተቆጠሩ ናቸው። ብዙ ቤተሰብ ካህን መጥራት ሞትን መጥራት ስለሚመስለው ያዘገየዋል፤ ካህኑ ሲደርሱ ሕመምተኛው ስሙን እንኳ አይመልስም። ከዚያ በኋላ «መድኃኒቱ ነው ያደነዘዛቸው» ይባላል። ያደነዘዛቸው አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ነው፤ ያስቀረው ግን መዘግየቱ ነው።

እንግዲህ ስለ ሞርፊኑ። ሕመም ያሰቃየው ሰው አይናዘዝም፤ ጸሎት ቢደገምለት አይሰማም፤ «አሁን ተወኝ» ይላል። ሕመሙ ሲበርድለት ነው ሰው የሚሆነው። ለጀማሪ የተለመደው መጠን በየ4 ሰዓቱ ከ2.5 እስከ 5 ሚሊግራም በአፍ ነው። ጉበቱ ለደከመ ሰው ግን መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ሐኪሙ በ2.5 ጀምሮ በየ6 ወይም በየ8 ሰዓቱ ሊያደርገው ይችላል፤ ስለዚህ የጎረቤት ታማሚ የሚወስደውን አይታችሁ አታወዳድሩ። ጠርሙሱ ላይ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ አንብቡና መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለኩ፤ በቡና ማንኪያ መገመት የብዙ ስህተት መነሻ ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት እንቅልፍ ይበዛል። ከፊሉ የመድኃኒቱ ነው፣ ከፊሉ ደግሞ በሕመም ምክንያት ስንት ሌሊት ያጡት እንቅልፍ ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ሰው ይነቃል። ሱስ የሚባለው ለእሳቸው የሚያሰጋ ነገር አይደለም። ለሕመም በልክ የተሰጠ ሞርፊንም ሞትን አያፋጥንም። ዓይናቸው መሐል ያለው ጥቁር ነጥብ እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ በደቂቃ የሚተነፍሱት ከ8 ካነሰ፣ ቀስቅሳችኋቸው ካልነቁ ግን ተረኛ ሐኪም ወዲያው ይጠራ።

ድንገት ማስቆሙ ምን ያመጣል? ሕመሙ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል፤ ሳምንት እና ከዚያ በላይ የወሰደ ሰው ደግሞ ያልበዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይቅበጠበጣል። በዚህ ሁኔታ የሚደረግ ጉዞና የሚፈጸም ንስሐ የለም። በሞርፊኑ ምትክ ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ ገዝቶ መስጠትም አለ፤ ለጉበት ታማሚ ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ያቆማል፣ አይሞከር። ፓራሲታሞልም ቢሆን በቀን ከ2 ግራም እንዳያልፍ ሐኪሙን ጠይቁ።

አንድ ነገር አብዝታችሁ ጠብቁ፦ የሆድ ድርቀት። ሞርፊን አንጀትን ያዘገያል፤ የቆየ ዓይነ ምድር ደግሞ ወደ አንጎል የሚወጣውን መርዝ ያበዛል። ስለዚህ ለአባትዎ ላክቱሎስ የተባለው ሆድ የሚያለሰልስ ሽሮፕ ሁለት ሥራ አለው። ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ተሰጥቶ በቀን 2 እና 3 ጊዜ ለስላሳ ሰገራ ሲወጣ ነው ልኩ። «ተቅማጥ ሆነባቸው» ብላችሁ አታቁሙት፤ ከበዛ መጠኑ ይቀነስ። ካህኑ ሲመጡ ቃል በቃል የሚናዘዙላቸው አእምሯቸው እስከጠራ ድረስ ነውና፣ ይህ ሽሮፕ ከምታስቡት በላይ ለንስሐው ይጠቅማል።

ጸበሉን በተመለከተ፣ ወንድምዎ በሃይማኖት ላይ ቆመው እርስዎ ከሳይንስ ጋር እንደቆሙ አድርጋችሁ አትከራከሩ። ይህ ክርክር በኤድስ መድኃኒት ጊዜ ብዙ ሰው በልቷል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ስለሆኑ አንዱ ሌላውን እንደማይቃረን፣ አብሮ መውሰድም ኃጢአት እንዳልሆነ በይፋ የተናገሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ወንድምዎ ከሐኪም ይልቅ ከካህን ቢሰሙት ይሻላል፤ የንስሐ አባታችሁ ይንገሯቸው።

የጉበት ታማሚ ወደ ጸበል ቦታ ሲሄድ የሚጎዳው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው የሚጠጣው መጠን ነው። በማለዳ በሊትር የሚጠጣ ጸበል፣ ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰው ኩላሊቱ ስለማያስወጣው፣ ደሙ ውስጥ ያለውን ሶዲየም ያቀጥነዋል፤ መደንዘዝ፣ አንዳንዴም ማንቀጥቀጥ ይከተላል። ሁለተኛው ማስመለስ ነው። ጉበቱ የጠጠረ ሰው በምግብ ቧንቧው ታችኛ ጫፍ ላይ ያበጡ የደም ሥሮች ይኖሩታል፤ በኃይል ሲያስመልስ ከፈነዱ ደም ይተፋል፣ በሰዓታት ውስጥም ሊሞት ይችላል። «ክፉው ወጣለት» ተብሎ ሲታለፍ የነበረ ደም ትውከት ከዚህ የሚመጣ ነው። ሦስተኛው ብርድ ነው፤ እንጦጦን የመሰለ ወደ 3000 ሜትር ከፍታ ያለ ቦታ ንጋት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ስብ በሌለው ገላ ላይ ሲፈስ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሰውየውም እርጥቡ ድንጋይ ላይ ይወድቃል።

አልጋው ላይ ግን ከዚህ አንዱም የለም። አንድ ንጹሕ የ1 ሊትር ኮዳ ጸበል ይምጣ። ካህኑ ይርጩአቸው፤ ፊታቸው፣ እጃቸው፣ እግራቸው በለብታ ፎጣ ይጠረግ። ለመጠጣት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ ራሳቸው ቀና እንዳለ። ካንሰር ያደከመው ሰው ጥሬ ውሃ ቶሎ ሆዱን ያውከዋልና የሚጠጣው ይፍላ ወይ የሚለውን ከካህኑ ጋር ተነጋገሩበት። እምነቱ ግንባራቸው ላይ ይቀባ፤ ካኑላው (የደም ሥር ቱቦው) የገባበት፣ ሆድ የተቀዳበት ቀዳዳና የአልጋ ቁስል ላይ ግን አፈርም አመድም አይንካ። ከጸበሉ ጋር «ሥር» ተብሎ የሚሰጥ ነገር ካለ አይውሰዱ፤ የደከመ ጉበት እሱን አይችልም።

አሁን ወደ መሐላው። እናትዎ ክፉ አላሰቡም፤ ባህላችን መርዶን በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ሰው በተሰበሰበበት የሚነግረው ክብደቱን ስለሚያውቅ ነው። ነገር ግን አባትዎ ምን እንደቀረባቸው ካላወቁ የሚናዘዙት ለቀጣይ ዓመት፣ የሚያስተካክሉት ለሚመጣው ክረምት ነው። ደግሞም አብዛኛው ሕመምተኛ ያውቃል፤ ልጆቹ እንዳይደነግጡ እሱም ይደብቃል፣ እነሱም ይደብቃሉ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ብቻቸውን ይጨነቃሉ። መንገዱ ይህ ነው። ሐኪሙ ብቻቸውን፣ ወይም ከመረጡት ሰው ጋር ሆነው ይጠይቋቸው፦ «ሕመምዎን እንዴት ያዩታል? ስለ ሁኔታው ሁሉንም ላጫውትዎ ወይስ ለልጅዎ ልንገር?» «ለልጄ ንገሩ» ካሉ መብታቸው ነው፤ አይገደዱም። «ንገሩኝ» ካሉ ደግሞ የእናትዎ መሐላ እሳቸውን ማሰር አይችልም። የሚነገረው በትንሽ በትንሹ ነው፤ «በሽታው በመድኃኒት የሚመለስ አልሆነም» ተብሎ ዝም ይባላል፤ የሚቀጥለውን እሳቸው እስኪጠይቁ ይጠበቃል። ወር ቆጥሮ መስጠት አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ይስታል፣ ቤተሰቡን ግን ቀን ቆጣሪ ያደርገዋል። የንስሐ አባታቸው በዚያ ሰዓት ወይም ከዚያ በኋላ ባለው ሰዓት አጠገባቸው ቢሆኑ በጣም ጥሩ ነው። እናትዎንም አስቀድመው ካህኑ ያነጋግሯቸው። መሐላ የሚፈታው ካህኑ ጋ ነው።

ካህን ሆስፒታል መግባት ይችላል፤ የሚያስቸግረው በሩ ላይ ነው። ያለ ቀጠሮ የመጡ አባት ጥበቃው ጋ ቆመው የጠያቂ ሰዓት ያልፍባቸዋል። ከአንድ ቀን በፊት የዋርዱን ኃላፊ ነርስ አነጋግሩ፣ የካህኑ ስምና የሚመጡበት ሰዓት በር ላይ እንዲመዘገብ አድርጉ፣ ካርዱም ላይ «የንስሐ አባት ይጠራ» ተብሎ ከስልክ ቁጥር ጋር እንዲጻፍ ጠይቁ። ሌሊት ነገር ሲለወጥ ተረኛዋ ሲስተር የምታየው ያንን ነው። ንስሐው ሲፈጸም መጋረጃው ይዘጋ፣ አስታማሚም ይውጣ፤ የተባለውን ካህኑ ለሐኪሙ አይነግሩም፣ ሐኪሙም አይጠይቅም። የሞርፊኑ መጠን ካህኑ ከመድረሳቸው ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት በፊት ይሰጥ፤ በአፍ የተወሰደ ሞርፊን ሙሉ ኃይሉን የሚያሳየው ያን ጊዜ አካባቢ ነው። ዲያዜፓምን የመሰለ ማስተኛ ግን በዚያ ቀን አይጨመር፤ ጉበት የደከመበትን ሰው ቀኑን ሙሉ ይጥለዋል።

ቁርባኑ ከሁሉ የበለጠ ዝግጅት የሚፈልገው ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ሥጋ ወደሙ አያድርም፤ ስለዚህ የሚመጣው ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ ለሆስፒታሉ ቅርብ ከሆነው ደብር ነው። የንስሐ አባታችሁ የሌላ ደብር አገልጋይ ከሆኑ ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። አባትዎና እናትዎ በቁርባን ያልተጋቡ ከሆነም የሚጨረስ ነገር አለ፤ እሱም ቀን ይወስዳል። ለዚህም ነው «ዛሬ» ያልኩት።

ሰዓቱን ወደ ኋላ እንቁጠር። የእሑድ ቅዳሴ ጠዋት 3 ሰዓት ያልቃል ብንል፣ የተለመደው የ18 ሰዓት ጾም የሚጀምረው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። በጾም ወራት በአዘቦት ቀን ቅዳሴው የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ አቆጣጠሩ ይለወጣል፤ ከደብሩ ጠይቁ። ለጤነኛ ሰው 18 ሰዓት ቀላል ሊሆን ይችላል። ስኳር ላለበትና ጉበቱ ለተጎዳ ሰው ግን አደጋ አለው፤ በጾም ጊዜ ስኳር አጠራቅሞ ወደ ደም የሚለቀው ጉበት ነውና፣ ሌሊቱን ስኳራቸው ሊወድቅ ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ የቅዳሜ ማታውንና የእሑድ ጠዋቱን መጠን ሐኪሙ ይወስን፤ እንደወትሮው አይወጋ። ሌሊት 6 ሰዓትና ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይለካ፤ ከ70 በታች ከሆነ ግሉኮስ ይሰጥ፤ ለዚህ ማንም ፈቃድ መጠበቅ የለበትም። ከሁሉ በፊት ግን ካህኑን ይህንኑ ዘርዝራችሁ ጠይቋቸው። ፍትሐ ነገሥት የታመመን ሰው ከጾም ግዴታ ያወጣዋል፤ በጽኑ ለታመመ ሰው የጾሙን ሰዓት የማቃለሉ ውሳኔ የእሳቸው ነው። መድኃኒት፣ በደም ሥር የሚገባ ግሉኮስ፣ አፍ የሚያረጥብ ውሃ ጾሙን ይሽራል አይሽርም የሚለውም እንዲሁ። ሐኪሙ «ችግር የለውም» ማለት የለበትም፤ የእሱ ወሰን አይደለም። ካህኑም «መርፌው ይቅር» ማለት የለባቸውም። ካህኑ በአፍ የሚወሰደውን ካልፈቀዱ ሞርፊኑ ከቆዳ ሥር በሚወጋ ሊተካ ይችላል፤ መጠኑ በአፍ ከሚወሰደው ግማሽ ገደማ ነው፣ 5 የነበረው 2.5 ሚሊግራም ይሆናል።

የመዋጥ ፈተናው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ቅዳሜ ጠዋት ይደረግ። ቀጥ አድርጎ አስቀምጦ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ መስጠት፣ ከዚያም ማየት ነው፦ ካሳላቸው፣ ወይም ድምፃቸው ውሃ ያለበት ሆኖ ከተንቦቀቦቀ መዋጡ ደክሟል ማለት ነው፤ ካህኑ ይህን ይወቁ። ሆዳቸው የተወጠረ ከሆነ አርብ ወይም ቅዳሜ ውሃው ይቀዳላቸው፤ 3 ወይም 4 ሊትር ሲወጣ ትንፋሻቸውም መቀመጣቸውም ይቀልላል፣ ማቅለሽለሹም ይቀንሳል። ከቆረቡ በኋላ ማስመለስ ሁሉንም የሚያስጨንቅ ነገር ስለሆነ ከ30 ደቂቃ በፊት 10 ሚሊግራም ሜቶክሎፕራማይድ በመርፌ እንዲሰጣቸው ሐኪሙን ጠይቁ። የአልጋው ራስጌ ከፍ ብሎ ይቆይ፤ ከዚያ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቶሎ አያስተኟቸው፣ ገላም አይታጠቡ፣ አልጋም አይነጠፍ።

ቀንዲል የሚጸለይላቸው ከሆነ ወይም ጧፍና ዕጣን ካለ፣ ኦክስጅኑን ተመልከቱ። የክፍሉ ማናቸውም ታማሚ ኦክስጅን ላይ ከሆነ እዚያ ክፍል እሳት አይለኮስም። ሲሊንደሩ ቢዘጋም አንሶላውና ልብሱ ውስጥ የገባው ኦክስጅን ለደቂቃዎች ይቆያል፤ ጭስ የሌለው ፍም ዕጣን ማጨሻ ላይ ሆኖ እንኳ ያቀጣጥለዋል። ለጸሎቱ የተለየ ክፍል ይጠየቅ፤ ካልተገኘ ጧፉ ሳይበራ ይያዝ። ቅብዓቱም አፍንጫቸው ላይ ኦክስጅን ካለ እጃቸውና እግራቸው ላይ ይሁን፤ ዘይትና ኦክስጅን ፊት ላይ አብረው አይሁኑ። ዕጣኑ አስም ያለበትን የጎረቤት ታማሚ ያፍነዋልና እሱን አስቡ። ክፍሉ 6 ወይም 8 አልጋ ያለው ከሆነ፣ አጠገባችሁ ያለው የሌላ እምነት ሰው ሊሆን ይችላል። ጸሎቱ በለሆሳስ ይሁን፤ በስልክ የሚከፈተው ስብከትም በጆሮ ማዳመጫ።

ሞርፊን የማይቆርጠው ሕመምም አለ። መጠኑ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተጨምሮ አሁንም «ያመኛል» ካሉ፣ ለምን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን የከፈቱት ሲሲሊ ሳንደርስ፣ ነርስም የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛም ሐኪምም የነበሩ፣ ሁለንተናዊ ሕመም ያሉት ይህን ነው፦ የሥጋው፣ የመንፈሱ፣ የኑሮው፣ የነፍሱ ሕመም በአንድ ገላ ላይ። እኛ አገር ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ያልገባ ስለት፣ ከወንድም ጋር የቆየ ኩርፊያ፣ ያልተከፈለ ብድር፣ ያልታወቀ ልጅ ነው። «ስለት አለብዎ? ያስቀየምኩት ሰው አለ ይላሉ? አሁን ማን ቢመጣልዎ ደስ ይልዎታል?» ብላችሁ በርጋታ ጠይቁ። ስለቱን ልጅ ሊያደርስላቸው ይችላል ወይ የሚለውን ካህኑ ይነግሯችኋል፤ የተጣሉት ሰው ደግሞ ዛሬውኑ ይደወልለት። ንብረት ካለ ኑዛዜውን አታዘግዩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ 4 ምስክር ይጠይቃል። በ2 ምስክር ፊት በቃል ብቻ የሚደረገው ከቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሞግዚት ከመሰየምና እያንዳንዱ ከ500 ብር ካልበለጠ ስጦታ ውጭ አይጸናም።

እንደምትፈሩት ድንገት መጮህ፣ የሞቱ ዘመዶችን ስም መጥራት፣ ልብስ ማውለቅ ቢጀምሩ፣ «ያዛቸው» ከማለታችሁ በፊት ሲስተሯን ጥሩ። ፊኛ ሞልቶ ሽንት እምቢ ብሎ ይሆናል፣ ድርቀት ይሆናል፣ ስኳር ወርዶ ይሆናል፣ ትኩሳት ይሆናል፣ ሞርፊን በዝቶ ሰውነታቸው እየነጠረ ይሆናል። አብዛኛው የሚስተካከል ነው፤ ከተረፈም በትንሽ ሃሎፔሪዶል ይረግባል። ካህኑ በራስጌ ሲደግሙ ነርሷ በግርጌ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ብታስገባ አንዱ ሌላውን አያደናቅፍም። አስሮ መያዝና በመቋሚያ መምታት ግን ካህንም ሐኪምም መፍቀድ የለባቸውም።

አንድ ቀን ምግብ ይተዋሉ። ያን ቀን አጥሚት በጉሮሯቸው ለማፍሰስ ትሞክራላችሁ፤ «ተርበው ሞቱ» መባልን ማንም አይወድም። ሰውነት እየተዘጋ ሲሄድ ግን ረሃብ የለም፤ በግድ የፈሰሰው አጥሚት ወደ ሳንባ ይገባና ትንፋሻቸውን ያሳጥራል። የሚያስቸግራቸው የአፍ መድረቅ ነው። እዚህ ላይ ለወንድምዎ ትልቅ ሥራ አለ። ንጹሕ ፋሻ ጣት ላይ ተጠምጥሞ ጸበል ውስጥ ይነከራል፣ ጨመቅ ይደረጋል፣ ከንፈር፣ ድድ፣ የጉንጭ ውስጥ፣ ምላስ በቀስታ ይጠረጋል። በየ2 ሰዓቱ። ከዚያ ከንፈራቸው ላይ ስስ ቅባት ይደረግ። ለሐኪሙ የአፍ እንክብካቤ ነው፤ ለወንድምዎ ጸበል ማጠጣት ነው፤ ለአባትዎ ሁለቱም ነው።

ወደ ቤት እንውሰዳቸው ካላችሁ፣ ያ ሽሽት አይደለም፤ ታስቦበት ከሆነ ጥሩ ነው። ለ14 ቀን የሚበቃ ሞርፊን በልዩ ማዘዣ ይጻፍ፤ ለምሳሌ በየ4 ሰዓቱ 5 ሚሊግራም የሚወስድ ሰው በቀን 30 ሚሊግራም ያስፈልገዋል፣ በመሐል ለሚነሣ ሕመምም ትርፍ ይታሰብ። ካቴተሩ ይቆይ፣ ካኑላው ይውጣ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ በ2003 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ለቤት የማስታገሻ እንክብካቤ ይሰጣል። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ፣ በሜዲኬር የሚከፈል ሆስፒስ መንፈሳዊ አማካሪ በቡድኑ ውስጥ እንዲኖር ግዴታ አለበትና ቻፕሊኑን ጠይቁ፤ ከከተማችሁ የአበሻ ቤተ ክርስቲያን ካህን እንዲያገናኝ ማድረግ ሥራው ነው።

ለሙስሊም ቤተሰብም የጊዜው ነገር አንድ ነው። ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተኝቶ በምልክት ይሰግዳል፣ ውሃ የሚጎዳው በተየሙም ይተካል፤ ሞርፊን ለሕመም ሲሆን እንደ ዳሩራ፣ ማለትም ችግር እንዳስገደደው ነገር፣ ይታያል፣ ኢማሙን ጠይቁ። ከአዲስ አበባ ሲታይ ቅብላ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ያለ ነው፤ አልጋውን ነርሷ ብታዞረው የሚከብድ ነገር የለውም። ሸሃዳው በጆሯቸው በቀስታ ይነገር፤ አንዴ ካሉት በኋላ ሌላ ነገር እስካልተናገሩ ድረስ ደጋግሞ ማስጨነቅ የለም። ፓስተር የሚጠሩ ቤተሰቦች ደግሞ «ተፈውሷል፣ መድኃኒቱን ጣል» የሚል ቃል ቢመጣ፣ እጅ ተጭኖ መጸለዩን ተቀብላችሁ ሞርፊኑን በሰዓቱ ስጡ።

በመጨረሻዎቹ ሰዓታት እጅ እግራቸው ይቀዘቅዛል፣ ጉልበታቸው ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ትንፋሻቸው ይቆምና ይመለሳል፣ ጉሮሯቸው ይንኮራኮራል። ድምፁ የሚያስጨንቀው ሰሚውን እንጂ እሳቸውን አይደለም፤ በጎን አስተኟቸው፣ ሐኪሙም ሃዮሲን ቡቲልብሮማይድ 20 ሚሊግራም ከቆዳ ሥር ሊያዝ ይችላል። የሚሰሙ እንደሆነ አድርጋችሁ አናግሯቸው፤ ሀብት ክፍፍልና የቀብር ወጪ አጠገባቸው አይወራ። ካህኑ ዳግም የሚጠሩት ያን ጊዜ ነው፣ ለጸሎተ ፍትሐት የሚዘጋጁትም። ነፍሳቸው ስትወጣ ነርሷ ቱቦዎቹን ታውጣ፤ ዓይናቸው ይከደን፣ አገጫቸው ይታሰር፣ እጅና እግራቸው ይቃና፤ ገላ መድረቅ የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ነውና ግንዘቱን የሚያውቀው ሰው እስኪመጣ አትጠብቁ።

ለዛሬ ማታ ግን ሥራው ይህን ያህል ሩቅ አይደለም። ለዋርዱ ኃላፊ የካህኑን ስም ይስጡ፣ የሞርፊኑን ሰዓት እርስዎ ይያዙ፣ ወንድምዎ ጸበሉንና ፋሻውን ይዘው ይምጡ።